ማህፀኗ ሳይወጣ የማህፀን በር ካንሰር የታከመች አለች? እባካችሁ

ጭንቅ ላይ ነኝ፦ ሰላም እህቶች፣ 31 አመቴ ነው፣ ካገባሁ 2 አመቴ፣ ልጅ የለኝም። ከግንኙነት በኋላ ደም እያየሁ ኢንፌክሽን ነው እየተባልኩ መድሃኒት ስውጥ ከርሜ በመጨረሻ ናሙና ሲወሰድ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ገና መጀመሪያው ላይ ነው፣ ወረቀቱ ላይ ደረጃው 1ቢ1 ይላል። ሀኪሙ ማህፀኑ ይውጣና ተገላገይ አለኝ፣ ባለቤቴም አንቺ ብቻ ኑሪልኝ ነው የሚለው፣ እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። በሩ ብቻ ተቆርጦ ማህፀን የሚተርፍበት ኦፕራሲዮን አለ ሲሉ ሰማሁ፣ እውነት ነው? ሰኞ ፈርሚ ብለውኛል 😭

ቡና ሱስ፦ አይዞሽ የኔ እናት። ፀበልሽንም ያዢ፣ ሰኞ ግን ሳትጠይቂ እንዳትፈርሚ።

የማህፀን ሀኪም፦ አለ፣ ትራኬሌክቶሚ ይባላል። ፈረንሳዊው ዳርዣን ነው በፈረንጆቹ 1994 ለአለም ያሳወቀው። በሩና ዙሪያው ያለው ስጋ ይወጣል፣ ማህፀኑ ከብልት ጋር ተመልሶ ይሰፋል፣ ኦቫሪዎችሽ (እንቁላል የሚያመርቱት) አይነኩም። ግን ለሁሉም አይሆንም። እጢው ከ2 ሴ.ሜ ያልበለጠ መሆን አለበት፣ ካንሰሩ ሊምፍ ኖድ (ካንሰር ሲሰራጭ የሚገባባቸው ትንንሽ እጢዎች) ውስጥም መግባት የለበትም፣ ለዚህ ኤምአርአይ ምርመራ ያስፈልጋል። የካንሰሩ አይነትም ወሳኝ ነው፣ ስኳመስ ወይም የተለመደው አዴኖካርሲኖማ ከሆነ ይታሰባል፣ ኒውሮኢንዶክራይን ከሆነ ግን አይታሰብም። የፓቶሎጂ ስላይድሽን (ናሙናሽ ያለበትን መስታወት) ተቀብለሽ ሌላ ፓቶሎጂስት፣ ማለትም ናሙና የሚመረምር ሀኪም፣ ይይልሽ። ደግሞ ጠቅላላ የማህፀን ሀኪም ሳይሆን ጋይኒ ኦንኮሎጂስት (የማህፀን ካንሰር ስፔሻሊስት) ጋ ሂጂ፣ ጥቁር አንበሳና ጳውሎስ አሉ። አንድ ነገር ግን ከአሁኑ እወቂ፣ ኦፕራሲዮኑ ላይ ሊምፍ ኖዱ ካንሰር ካለበት እቅዱ ይቀየራል፣ ኬሞና ጨረር ይመጣል፣ ጨረር ደግሞ ማህፀኑንም ኦቫሪውንም ይጎዳል።

ሚሚ፦ ዶክተር የኔ 1ኤ1 ነው፣ እኔም ይሄ ያስፈልገኛል?

የማህፀን ሀኪም፦ ሚሚ፣ ያንቺ ከ1ቢ1 የቀደመ ደረጃ ነው፣ ካንሰሩ ወደ ደም ስርና ሊምፍ ስር ካልገባ ኮን ባዮፕሲ (ከማህፀን በር ላይ ትንሽ ስጋ ቆርጦ ማውጣት) ብዙ ጊዜ ይበቃል፣ የተቆረጠው ስጋ ጠርዝ ከካንሰር ንፁህ መሆኑን ግን አረጋግጪ።

ዲሲ ያለሁት፦ እኔ ተሰርቶልኛል፣ 5 አመት ሆነኝ። እውነቱን ልንገርሽ ቀላል አይደለም፣ ሽንት በካቴተር (በቱቦ) ስንት ቀን ቆየሁ፣ የወር አበባዬም መውጫው ጠቦ መጀመሪያ ላይ ያሳብደኝ ነበር። ማህፀኑ እንዳይከፈት ክር አስረውልኛል፣ ስለዚህ በምጥ መውለድ የለም፣ በኦፕራሲዮን ብቻ ነው። አመት ጠብቄ አረገዝኩ፣ በ33 ሳምንት ሽርት ውሀዬ ፈሰሰና ልጄ ሙቀት ክፍል ገባች፣ አሁን ቤቱን ታፈርሳለች 😂 የትም ሆስፒታል ስትሄጂ ክር አለኝ ብለሽ ቀድመሽ ተናገሪ! ክትትሉንም እንዳታቋርጪ።

ነርሷ፦ በላፓራስኮፒ (በትንንሽ ቀዳዳ በካሜራ) ነው ወይስ ሆድ ተከፍቶ ብለሽም ጠይቂ፣ በ2018 የወጣ ትልቅ ጥናት ላይ ማህፀናቸው በላፓራስኮፒ የወጣላቸው ሴቶች ላይ ካንሰሩ ይበልጥ ተመልሶ ነበር፣ ጥናቱ ስለ ትራኬሌክቶሚ ባይሆንም ጥያቄው ተገቢ ነው።

ጭንቅ ላይ ነኝ፦ ተባረኩ፣ ሰኞን ሰረዝኩት። ኤምአርአዩ ወጣ፣ 1.6 ሴ.ሜ ይላል፣ ሊምፍ ኖዱ ላይ ምንም አልታየም። ሀሙስ ኦንኮሎጂስቷ ጋ ነኝ። ለአማቴ ግን ምን ልበላት? ልጅ ልጅ እያለች ነው በየሳምንቱ።

ቡና ሱስ፦ ለአማትሽ ባልሽ ይንገራት፣ የሱ ስራ ነው። አንቺ ሀሙስ ስላይዱን ይዘሽ ሂጂ።