ኮምፒውተሩ ፈጣን ነው፣ ሞተሩ ግን ምት ይዘላል። ምን ላድርግ?

ቦርከና፦
ሰላም ጀማው። ኮምቦልቻ የእንጨት ስራ ቤት አለን፣ ከወንድሜ ጋር በር ላይ ሐረግ የሚቀርጽ ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚመራ መቅረጫ ማሽን) ራሳችን እየገጠምን ነው። ብረቱ፣ ሞተሩ፣ ሞተሩን የሚነዳው ሰሌዳ (ድራይቨሩ) አልቋል። ሶፍትዌሩን እኔ በሲ ሻርፕ ቋንቋ ዊንዶውስ ላይ እየጻፍኩት ነው፣ ሞተሩን እርምጃ በእርምጃ የሚያስኬደውን የኤሌክትሪክ ምት የምልከው በድሮው የፕሪንተር ፖርት ነው። ኮምፒውተሩ ሌላ ነገር ካልነካ ጥሩ ይሰራል። ብሮውዘር ስከፍት ወይም ፍላሽ ስሰካ ግን ሞተሩ ግር ይልና ይቆማል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ቅርጽ ሁሉ ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ይወጣል። የዋንዛ ጣውላ ዋጋ ደግሞ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። ኮር አይ 7 ልግዛ?

ጦሳ፦
አብሽር ወንድሜ፣ አዲስ ኮምፒውተር እንዳትገዛ። ያለህ ማሽን ፍጥነት ይበቃዋል፣ የጎደለው ሰዓት ማክበር ነው። እስቲ እናስላው። የተለመደው ስቴፐር ሞተር በዙር 200 እርምጃ አለው፣ ድራይቨሩን 8 ማይክሮስቴፕ ላይ ካደረግከው እያንዳንዱን እርምጃ ለ8 ስለሚከፍለው 1600 ይሆናል። ብሎኑ በዙር 5 ሚሊ ሜትር የሚሄድ ከሆነ ለአንድ ሚሊ ሜትር 320 ምት ነው። በሰከንድ 50 ሚሊ ሜትር ልሂድ ስትል በሰከንድ 16,000 ምት ያስፈልግሃል፣ በየ62.5 ማይክሮ ሰከንዱ አንድ ማለት ነው። ዊንዶውስን ግን «1 ሚሊ ሰከንድ ተኛ» ብትለው በተለመደው አቀማመጡ እስከ 15.6 ሚሊ ሰከንድ ሊተኛብህ ይችላል። በዚያ መሃል 250 ምት ያህል መሄድ ነበረበት! ሳትተኛ በባዶ ሉፕ ብትጠብቅም ፕሮሰሰሩን ለሌላ ስራ ሲፈልገው ይነጥቅሃል። ሲ ሻርፕ ደግሞ ሜሞሪ ሊያጸዳ ሲል ፕሮግራምህን ያቆመዋል።

ቅርጹ ፈቀቅ የሚለው በመዘግየቱ ብቻ አይደለም። የሚሮጥ ሞተር ምት ሲቋረጥበት ይቆማል፣ ወዲያው በሙሉ ፍጥነት ሂድ ሲባል ግን መነሳት ያቅተዋል። እየጮኸ ምቱን ይዘላል። ኢንኮደር (ሞተሩ የት እንደደረሰ የሚያሳውቅ መሳሪያ) ከሌለው ሶፍትዌሩ ይህን በምን ያውቃል? የደረሰ መስሎት ይቀጥላል።

ሐረጎ፦
ጦሳ ልክ ነው። ከባዶ ከመጻፍህ በፊት ሊኑክስ ሲኤንሲ የሚባለውን የማሽን መምሪያ ፕሮግራም እየው። መነሻው የአሜሪካው የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም ኒስት ነው፣ ክፍያ የለውም፣ የፕሪንተር ፖርትህንም እንዳለ ይጠቀምበታል። ሪል ታይም ከርነል (ሰዓት የሚያከብር የስርዓተ ክወና እምብርት) ላይ ስለሚሰራ ምቱን የሚልከው ክፍል ከብሮውዘሩ ይቀድማል። በመጀመሪያ የሌተንሲ ቴስቱን (የመዘግየት መለኪያውን) አስነሳ። እሱ እየሮጠ ቪዲዮ ክፈት፣ ትልቅ ፋይል ኮፒ አድርግ፣ መስኮት ወዲህ ወዲያ ጎትት፣ ኮምፒውተሩን አስጨንቀው። ከዚያ ትልቁን ጂተር (ከሰዓቱ የተዛነፈውን) አንብብ፣ በናኖ ሰከንድ ነው። ከ20,000 በታች ከሆነ ግሩም ነው፣ እስከ 50,000 ድረስም ያሰራል፣ 100,000 ካለፈ ያ ኮምፒውተር ራሱ ምት ለመላክ አይሆንም። ቁጥሩ ከበዛ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው ማስተካከያ) ገብተህ የሃይል መቆጠቢያውንና ሃይፐር ትሬዲንጉን (አንዱን ኮር እንደ ሁለት የሚያሰራውን) አጥፋና እንደገና ሞክር። አንዳንድ ማዘርቦርድ ግን ስርዓተ ክወናው ሳያውቅ ፕሮሰሰሩን ለራሱ ስራ ይወስደዋል፣ ለእሱ አብዛኛውን ጊዜ ማዘርቦርዱን ከመቀየር ውጭ መላ የለውም። ለዚህ ነው አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ አዲሱን ኮር አይ 7 ሊበልጥ የሚችለው። ላፕቶፕ ይቅርብህ።

ሰኞ ገበያ፦
ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? ምቱን ለአርዱዪኖ (ትንሽ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ) ስጠው። ጂአርቢኤል የሚባለው ፕሮግራም አርዱዪኖ ዩኖ ላይ በሰከንድ እስከ 30,000 ምት ይልካል፣ ያንተ 16,000 ነው። ኮምፒውተሩ ትእዛዙን አስቀድሞ በዩኤስቢ ይልክለታል፣ አርዱዪኖው ወረፋ አስይዞ በራሱ ሰዓት ያስፈጽማል። ዊንዶውስህ ለአፍታ ቢንቀራፈፍ ቅርጹ አይነካም። ሲ ሻርፕህንም አትጥለውም፣ ፋይል መክፈቻና ማሳያ ይሁንልህ።

ቦርከና፦
አላህ ይስጣችሁ። ለአሁኑ አርዱዪኖው ይሻለኛል። ግን መጻፉንም ማወቅ እፈልጋለሁ፣ ሌላ ማሽን አስበናል። በራሴ ኮድ አይቻልም?

ጦሳ፦
ይቻላል እንጂ። እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው ሊኑክስ ከርነል 6.12 የሪል ታይሙ ክፍል ዋናው ከርነል ውስጥ ገብቷል፣ እንደ ድሮው ፓች (ከርነሉ ላይ የሚጨመር ኮድ) ፍለጋ መልፋት ቀርቷል። ሰዓት የሚጠብቀውን የፕሮግራሙን ክፍል (ትሬድ) በሲ ቋንቋ ጻፈው፣ ቅድሚያ በሚሰጠው ስኬድ ፊፎ ላይ አድርገው፣ ሜሞሪው ወደ ዲስክ እንዳይወጣ በኤምሎክኦል ትእዛዝ ቆልፍ። እዚያ ሉፕ ውስጥ ፋይል አትክፈት፣ ስክሪን ላይ አትጻፍ፣ አዲስ ሜሞሪም አትጠይቅ። «ከአሁን ጀምሮ 1 ሚሊ ሰከንድ ተኛ» አትበለው፣ ትንሽ ትንሹ መዘግየት ይጠራቀምብሃል። «ልክ በዚህ ሰዓት ቀስቅሰኝ» በለው።

ሐረጎ፦
አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄን እባካችሁ ቀላል አታድርጉት። ቀዩ የማቆሚያ ቁልፍ በሶፍትዌር በኩል እንዳያልፍ። ሲጫኑት በቀጥታ ኮንታክተሩን (ሃይሉን የሚያገናኘውን ትልቅ ማብሪያ) ጥሎ የሞተሮቹንና ቢላውን የሚያሽከረክረውን የስፒንድሉን ሃይል ይቁረጥ፣ ኮምፒውተሩ ቢደርቅ ትእዛዛችሁን የሚሰማ የለም። መብራት ጠፍቶ ሲመለስም ማሽኑ በራሱ መነሳት የለበትም፣ ኮንታክተሩ ማስነሻው እስኪጫን እንደወደቀ ይቆይ። ስፒንድሉን በፕሪንተር ፖርት የምታስነሱት ከሆነ ደግሞ ተጠንቀቁ፣ ኮምፒውተሩ ሲበራ ፒኖቹ በራሳቸው ከፍ ዝቅ ይላሉ፣ ሊኑክሱ ሳይነሳ ቢላው ሊሽከረከር ይችላል። ሃይል ሲቆረጥ ዜዱ (ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደው ክፍል) በራሱ ክብደት ሊወርድም ይችላል። ስፒንድላችሁ ከባድ ከሆነ ብሬክ ያለው ሞተር ወይም የሚይዘው ስፕሪንግ አድርጉለት።