ወተት፣ እንቁላል፣ ስንዴ ሁሉ አስቁሜው ልጄ ሌላ ሽፍታ ወጣበት፣ አሁን ምን ላስቁመው?

የትንሹ እናት፦

ሰላም እናቶች፣ አባቶችም ካላችሁ። ግራ ግብት ሲለኝ ነው የምጽፈው፣ ከረዘመ ይቅርታ አርጉልኝ። ልጄ 14 ወሩ ነው። 4 ወሩ ላይ ጉንጮቹ ቀሉ፣ ደርቀው ሻከሩ፣ ሌሊት ፊቱን አንሶላው ላይ ሲፈትግ ነው የሚያድረው፣ ሐኪም ችፌ ነው አለና የሚቀባ ስቴሮይድ ሰጠን፣ ሲቀባ ይጠፋል ሲተው ይመጣል። ስቴሮይድ የሚለውን ስም ስሰማ ደሞ ፈራሁና ተውኩት። ከዛ ወተት ነው አሉኝ ወተት አስቆምኩ፣ ትንሽ የተሻለው መሰለኝ፣ ቆይቶ ተመለሰ፣ እንቁላል አስቆምኩ፣ ከዛ ስንዴ፣ ከዛ አኩሪ አተር፣ ስጋና ዓሣ ጭራሽ አስጀምሬውም አላውቅ። ማንም አላዘዘኝም፣ እንዲሁ አንድ በአንድ እያልኩ እዚህ ደረስኩ። ጡት 10 ወሩ ላይ እምቢ አለኝ። አሁን ቀኑን ሙሉ የሚጠጣው የሩዝ ወተት ነው፣ ምግቡ ሩዝ፣ ድንች፣ ካሮት፣ ፖምና ሙዝ።

ጉንጩ እውነት ለመናገር ቀሎለት ነበር። ግን ከ5 ሳምንት ወዲህ ሌላ ነገር መጣ። አፉ ዙሪያ ቀልቶ ዳር ዳሩ ቅርፊት አለው፣ ሊፒስቲክ ሲቀባ የተበላሸበት ነው የሚመስለው። መቀመጫውና ብሽሽቱም እንደዛው። ዳይፐር ነው ብዬ ነጩን የዳይፐር ክሬም እለጥፍበታለሁ፣ ጠዋት ስከፍተው ያው ነው። ጣቶቹ ጥፍሩ ዙሪያ ተልጠዋል። የሚገርመኝ ይሄኛውን ብዙም አያከውም። ተቅማጥ ይመላለስበታል፣ ትራሱ ላይ ፀጉር አገኛለሁ፣ ባህሪውም ተቀይሯል፣ ድሮ ሳቂታ ነበር አሁን ገና ሲያዩት ያለቅሳል። የቀረኝ የማስቆመው ነገር ምንድነው? ሩዙ ይሆን? ወይስ ሙዙ?

ሁሉን የሞከረች፦

አይዞሽ ማሬ፣ ስንታችን አልፈንበታል መሰለሽ። የኔም ልጅ ቲማቲም ወይ ብርቱካን በበላ ቁጥር አፉ ዙሪያ ፍም ይመስል ነበር፣ አለርጂ ነው ብዬ ስንት ቀን አለቀስኩ፣ ለካ አሲዱ ነው ቆዳውን የሚያስቆጣው፣ ከመብላቱ በፊት አፉ ዙሪያ ቫዝሊን ቀባ ሳረገው ቀረ። እስቲ ሙዙን ለሁለት ሳምንት አቁሚና እዪው። የሩዝ ወተቱንም በፍየል ወተት ቀይሪው፣ ለሆድ ይቀላል ይባላል።

የህፃናት ክፍል ነርስ፦

እህቴን ከላይ የጻፍሽውን ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ ሁለቱም ይቅር። የላም ወተት አለርጂ ካለበት የፍየሉም ያስነሳበታል፣ ፕሮቲናቸው በጣም ይመሳሰላል፣ አብዛኞቹ የላም ወተት የማይስማማቸው ልጆች የፍየሉም አይስማማቸውም። ሙዝ ደሞ ከተረፉት አምስት ምግቦች አንዱ ነው፣ እሱንም ልንነጥቀው ነው? የቲማቲሙ ነገር ግን ልክ ነሽ፣ እሱ በበላ በደቂቃ መጥቶ ቶሎ የሚጠፋ ነው፣ 5 ሳምንት አይቆይም።

የትንሹ እናት፣ ልጁን ሳላየው ይሄ ነው ማለት አልችልም፣ ግን የጻፍሽው አስደንግጦኛል። አፍ ዙሪያ፣ መቀመጫ ዙሪያ፣ ጣቶች። በዛ ላይ ተቅማጥ፣ የፀጉር መሳሳት፣ ነጭናጫነት። ይሄ ተሰብስቦ ሲመጣ እኛ ክፍል መጀመሪያ የሚጠየቀው ልጁ ምን አጥቶ ነው የሚለው ነው፣ በተለይ ዚንክ የሚባለው ማዕድን። ዚንክ ደህና አድርጎ የሚገኘው ስጋ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ጥራጥሬ ላይ ነው፣ እሱ ጋ ደሞ ከነዚህ አንዱም የለም። ዚንክ ሲያንስ ተቅማጥ ይመጣል፣ ተቅማጡ ደሞ የቀረችውንም ዚንክ ይዞ ይወጣል፣ እንዲህ እየተጋገዙ ልጁን ያደክሙታል። ያ የምትለጥፊው ነጭ ክሬም እራሱ አብዛኛውን ጊዜ ዚንክ ኦክሳይድ ነው (ሳስበው ያሳዝነኛል)፣ ቆዳውን ከሽንት ይጋርድለታል እንጂ ውስጡ የጎደለውን አይሞላም።

ሁለተኛው ያሳሰበኝ የሩዝ ወተቱ ነው። ስሙ ወተት ይባል እንጂ ወተት አይደለም። አንድ ብርጭቆ የላም ወተት 8 ግራም አካባቢ ፕሮቲን አለው፣ የሩዙ 1 ግራም ቢሆን ነው፣ ከዛም ያነሰ አለ። በፈረንጆቹ 2001 አሜሪካ ውስጥ ሐኪሞች የጻፉትን አንብቤያለሁ፣ ድህነት የሌለበት ቤት ያደጉ ልጆች፣ ወላጆቻቸው ወተት አይስማማውም ብለው በሩዝ መጠጥ ሲያሳድጓቸው ክዋሽዮርኮር (ከፕሮቲን ማነስ የሚመጣው ከባድ የምግብ እጥረት) ይዟቸው መጡ። ሰውነታቸው አብጦ፣ ቆዳቸው እንደ አሮጌ ግድግዳ ቀለም እየተላጠ። መጀመሪያ ላይ ደሞ ብዙው ሰው ችፌ ነው የሚለው። እንግሊዞችም ከ5 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የሩዝ ወተት አትስጡ ይላሉ፣ የነሱ ምክንያት እንኳን ሩዝ ውስጥ ያለው አርሰኒክ የሚባለው መርዛማ ነገር ነው።

እና አሁን አንድ ነገር አርጊልኝ። ካልሲውን አውልቂና ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ ብሎ አጥንቱ ላይ በአውራ ጣትሽ ጫን አርገሽ ጥቂት ሰከንድ ያዢው። ስትለቂው ጎድጎድ ብሎ ከቀረ ነገ አትበይ፣ ዛሬውኑ ውሰጂው። ባይጎደጉድም በዚህ ሳምንት መታየት አለበት። ያስቆምሽውን ሁሉ ከነጊዜው ጻፊና ያዢ፣ የክትባት ካርዱ ላይ ያለውን ክብደትም አሳያቸው፣ ዚንክና አልቡሚን (ደም ውስጥ ያለ ፕሮቲን) እንዲታይለት ጠይቂ።

አደራ ግን ደንግጠሽ ዛሬ ማታ ወተት እንዳትሰጪው!! ችፌ ያለበት ልጅ አንድን ምግብ ለወራት ከተከለከለ በኋላ ሲመለስበት ድሮ ያልነበረ ከባድ አለርጂ ሊነሳበት ይችላል። ድንገት ተሳስቶ ቢቀምስና ሰውነቱ ተንደብድቦ ትንፋሽ ካጠረው፣ ደጋግሞ ካስታወከው ወይ ዝልፍልፍ ካለ ያ ድንገተኛ ነው፣ መቆያ የለውም።

የፒኬዩ ልጅ እናት፦

ስለ ፒኬዩ ለማታውቁ፣ በዘር የሚመጣ በሽታ ነው፣ ልጄ ፕሮቲን ውስጥ ያለውን ፌኒልአላኒን የሚባል ነገር ሰውነቷ መሰባበር አይችልም፣ ከበዛ አንጎል ይጎዳል፣ ስለዚህ ከተወለደች ጀምሮ በግራም እየመዘንኩ ነው የማበላት፣ ልዩ ፎርሙላ አላት። እና 8 ወሯ ላይ ልክ አንቺ የጻፍሽው ዓይነት ሽፍታ ወጣባት፣ ዳይፐሯ ስር ያለው ቆዳ ጥሬ ስጋ መሰለ፣ ትተኛለች፣ አትበላም። እኔ የበዛባት መስሎኝ ከዛችው ከምትፈቀድላት ላይ ደግሜ ቀነስኩ። ደሟ ሲመጣ ፌኒልአላኒኑ ከሚፈለገው በታች ወርዷል! ለካ እሱም ቢሆን ሰውነት ራሱ የማይሰራው፣ ከምግብ የግድ የሚገኝ ነገር ነው፣ ልኩን ታገኝ ዘንድ ነው የሚመዘነው እንጂ ዜሮ ይሁን አልተባለም። የሚፈቀድላትን ወተት በትንሽ ሚሊሊትር ጨመሩላት፣ ቆዳዋ ዓይኔ እያየ ገጠመ። እስከዛሬ ያቺን ሳምንት ሳስባት እጄ ይቀዘቅዛል፣ በፍርሃት ነበር የምቀንሰው።

አንቺም እንደዛው በፍርሃት ነው ያደረግሽው፣ ራስሽን አትውቀሺ።

የካሮቷ አባት፦

በዚህ መሀል ቀልድ አይባልብኝና፣ የኔዋ ደሞ ስንዴና ወተት ተከልክላ ካሮትና ዱባ ብቻ ስትበላ አፍንጫዋና መዳፏ ብርቱካን ሆነ፣ ጉበት ነው ብዬ በሌሊት ሮጥኩ። ሐኪሙ ዓይኗን ገልጦ ነጩ ነጭ መሆኑን አየና ሳቀብኝ፣ ካሮቱን ቀንሱ አለ በቃ። ብቻ እዛው ሆኜ የተማርኩት፣ ቀይ ወይ ወይነጠጅ ነጠብጣብ ካለ ብርጭቆ ተጭነሽበት የማይጠፋ ከሆነና ትኩሳት ካለው እሱ የምግብ ወሬ አይደለም፣ ወዲያው ሐኪም ቤት።

የህፃናት ክፍል ነርስ፦

የብርጭቆዋ ልክ ነህ። ትኩሳት ሳይኖርም እንዲህ ያለ ነጠብጣብ ከድድ መድማትና እግር አልረግጥም ከማለት ጋር ከመጣ ቫይታሚን ሲ ነው የሚታሰበው፣ ፍራፍሬም አትክልትም በአፋቸው የማይዞር ልጆች ላይ ይታያል። ሚጥል በሽታ ኖሮባቸው ኬቶ ዳይት (ቅባት የበዛበት፣ ስኳርና ስታርች በጣም የተቀነሰበት አመጋገብ) ላይ ያሉ ልጆች ወላጆችም ካላችሁ፣ የታዘዘውን ቫይታሚንና ሚኒራል አታቋርጡ፣ ዳይቱ ብቻውን አይበቃም።

የትንሹ እናት፦

ከ16 ቀን በኋላ ተመለስኩ። ስላልጻፍኩ ይቅርታ፣ 4 ቀን አስተኝተውን ነበር። ያን ማታ ካልሲውን አውልቄ ተጫንኩት፣ የጣቴ ምልክት ቀረ። አባቱን ጠርቼ እሱም ተጫነ። ወፈረልኝ ብዬ ስደሰትበት የነበረው እግር ነው።

ዚንኩ ዝቅ ብሏል፣ አልቡሚኑም። ከ9 ወሩ ጀምሮ የክብደቱ መስመር ወደ ላይ መውጣት አቁሟል፣ ካርዱ ላይ ተስሎ እያለ አላየሁትም። ዶክተሯ አልተቆጣችኝም፣ ዝርዝሬን እያነበበች በእያንዳንዱ ላይ “ይሄን ማን አስቆመው?” ትለኛለች፣ እኔ፣ “ይሄንንስ?” እኔ፣ እንደዛ እያልን እስከ ታች ወረድን። ከዛ የነገረችኝ፣ ምግብ ነው ተብሎ ሲጠረጠር አንዱ ይቆማል፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይታያል፣ ከዛ ሐኪም ባለበት ወይ ሐኪም ባለው መንገድ ይመለሳል፣ ሲመለስ ካልባሰበት ያ ምግብ ነፃ ነው። እኔ የመመለሱን ክፍል ሰምቼም አላውቅ። የቆዳና የደም ምርመራውም ብቻውን አይፈርድም አለች፣ ውጤቱ አለ ብሎም በልቶ ምንም የማይሆን ልጅ ሞልቷል።

ዚንክ ሽሮፕ ጀመሩለት፣ የወተት ፕሮቲኑ አስቀድሞ የተሰባበረ ፎርሙላ ሰጡት፣ ሽታው አይነሳ፣ ግን ራበውና ጠጣው። በ4ኛው ቀን ነርሷ ስትገባ ሳቀላት። ቆዳው ገና ምንም ሳይለወጥ ነው ይሄ፣ እኔ ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ። የአፉ ዙሪያ በ10 ቀኑ ገደማ ጠፋ፣ የጣቶቹ ቅርፊት ወድቆ ከስሩ ሮዝ ቆዳ ወጣ፣ ተቅማጡም ቆመ። ስንዴ ተመልሶለታል ምንም አልሆነም። ስጋ ተፈጭቶ ጀመረ። እንቁላል በሚቀጥለው ወር እዛው ሐኪም ቤት እያዩት ነው የሚቀምሰው። ጉንጩ ላይ ችፌው ትንሽ ብቅ ብሏል፣ ቅባቱን በታዘዘው ልክ እየቀባሁት ነው፣ እሱን ስሸሽ ነው ይሄ ሁሉ የመጣው።

አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ሽሮፑን ጠዋት ስሰጠው ያስታውከዋል፣ ምን ላድርግ?

የህፃናት ክፍል ነርስ፦

እሰይ! በባዶ ሆድ ነው አይደል የምትሰጪው? ዚንክ ባዶ ሆድ ላይ ያቅለሸልሻል፣ ጥቂት ከበላ በኋላ አርጊው። የብረት ሽሮፕ ካለው በአንድ ላይ አትስጪው፣ አንዱ ሌላውን ይሻማል። የታዘዘው ቀን ሲያልቅ ደሞ ተስማማው ብለሽ በራስሽ አትቀጥዪ፣ ዚንክ ለረጅም ጊዜ ሲበዛ ሰውነት የሚያስፈልገውን መዳብ ያወርዳል፣ ቀጠሮሽ ላይ ጠይቂያቸው።

የትንሹ እናት፦

ባዶ ሆዱን ነበር አዎ። ነገ ከቁርስ በኋላ እሞክራለሁ።