የቦይለር መመገቢያ ፓምፕ መካኒካል ሲሉ (ማሸጊያው) ቶሎ ቶሎ ይበላል፤ በያንኑ ሞዴል ፕሮፎርማ ላውጣ?

ፓምፕ_መራጭ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አስመጪ ድርጅት ውስጥ ጀማሪ አፕሊኬሽን ኢንጂነር ነኝ። አዲስ አበባ ያለ ደንበኛችን የቦይለር መመገቢያ ፓምፑ መካኒካል ሲሉን (ውሃ በዘንጉ ዙሪያ እንዳያፈስ የሚያሽገውን ክፍል) እየበላ፣ ድምፁም ጠጠር እንደሚፈጭ ሆኖ አስቸግሮታል። «ያንኑ ሞዴል፣ ግን ሞተሩ ጠንከር ያለ» ይላል። ቦይለሩ በሰዓት 4 ቶን፣ በ10 ባር ነው። የፊድ ታንኩ ውሃ 80 ዲግሪ ሲሆን የውሃው የላይኛው ገጽ ከፓምፑ 1 ሜትር ከፍ ይላል። ካታሎጉ ላይ ፍሰቱም ግፊቱም ይበቃል። ሽያጭ ክፍል ፕሮፎርማው ዛሬ ይውጣ እያለ ነው። ምን ላጣራ?

እንፋሎት፦
ሞተሩን ተወው ወንድሜ፣ ችግሩ መምጠጫው ጋ ነው። ድምፁ የካቪቴሽን ነው፤ ማለትም ውሃው ፓምፑ ውስጥ ግፊት አንሶት እየፈላ፣ አረፋው ሲፈነዳ የሚሰማ ነው።

በአዲስ አበባ፣ በ2,350 ሜትር ከፍታ፣ የአየር ግፊቱ 76 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፤ በ80 ዲግሪ ውሃ ሲለካ 8 ሜትር። የዚሁ ውሃ የእንፋሎት ግፊት 47 ኪሎፓስካል ነው፤ ይህ 5 ሜትሩን ይወስዳል። በቀረው 3 ሜትር ላይ የታንኩን 1 ሜትር ደምር፤ ለቧንቧና ለስትሬነር (የመምጠጫው ማጣሪያ) ኪሳራ ግማሽ ሜትር ቀንስ። ያለህ ኤንፒኤስኤች (NPSH፤ ውሃው መምጠጫው ላይ እንዳይፈላ የሚጠብቀው የግፊት ትርፍ) 3.5 ሜትር ነው። ይኸው ተከላ ጅቡቲ ቢሆን ከ6 ሜትር በላይ ነበረው። ከርቩን (የፓምፑን የፍሰትና የግፊት ግራፍ) ብቻ አይቶ የሚመርጥ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ኮንደንሴት (እንፋሎቱ ተመልሶ ውሃ የሆነው ትኩስ ውሃ) በብዛት ተመልሶ ታንኩ 85 ከደረሰ ደግሞ 3.5ቱ ወደ 2.4 ይወርዳል። ስለዚህ የአማካዩን ሳይሆን የከፍተኛውን ሙቀት ጠይቅ። ሌላው፣ ጠዋት ቦይለሩ ግፊት ሳይዝ ፓምፑ ከርቩ ላይ ወደ ቀኝ ይሸሻል፤ ፍሰቱ ሲጨምር የሚፈልገው ኤንፒኤስኤችም ይጨምራል። ትልቅ ሞተር ከዚህ አንዱንም አይፈታም።

ቧንቧ_ሠራተኛ፦
መጀመሪያ ስትሬነሩ ይከፈት። ዝገት ከሞላው ያ ግማሽ ሜትር ኪሳራ ብዙ እጥፍ ይሆናል። የመምጠጫው ቧንቧ ከፓምፑ አፍ ቢያንስ አንድ ቁጥር ይስፋ፤ ኤልቦ ፓምፑ አፍ ላይ አይጠጋ። ሪዲዩሰሩ (ቧንቧውን ወደ ፓምፑ አፍ የሚያጠበው) ኤክሰንትሪክ፣ ማለትም አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ሆኖ፣ ጠፍጣፋው ጎን ወደ ላይ ይሁን፤ አለዚያ እንፋሎት እዚያ ይጠራቀማል።

ከሁሉ የሚሻለው ታንኩን ማንሳት ነው፤ 2 ሜትር ካነሳህ 2 ሜትር ኤንፒኤስኤች አገኘህ። የፊድ ውሃውን ማቀዝቀዝን ግን አልመክርም። በውሃው የሚሟሟው ኦክስጅን ይጨምራል፣ የቦይለሩ ቱቦ በዝገት ይቦረቦራል፣ ሰልፋይቱም (ኦክስጅን የሚያስወግደው ኬሚካል) ነዳጁም ይጨምራል።

ፓምፕ_መራጭ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ጣሪያው ዝቅ ያለ ስለሆነ ታንኩ ከ60 ሳንቲ በላይ አይነሳም ብለዋል።

እንፋሎት፦
እንግዲያው በ85 ዲግሪ ያለህ 3 ሜትር ነው። ቢያንስ 1 ሜትር መጠባበቂያ አስቀርና ከ2 ሜትር በታች የሚፈልግ ፓምፕ ምረጥ። ብዙ የቨርቲካል መልቲስቴጅ ፓምፕ (ብዙ ኢምፔለር፣ ማለትም ውሃውን የሚገፋ ጎማ፣ በተከታታይ ያለው ቋሚ ፓምፕ) አምራቾች የመጀመሪያው ስቴጅ ኢምፔለሩ ሰፊ የሆነ፣ ዝቅተኛ ኤንፒኤስኤች የሚፈልግ ስሪት አላቸው። ፍሰቱን በሰዓት 5 ሜትር ኩብ ያዝ። 10 ባሩ ብቻውን በ80 ዲግሪ ውሃ 105 ሜትር ነው፤ የቧንቧውንና የቫልቩን ኪሳራ ጨምርበት።

ከርቩ የ50 ኸርዝ መሆኑንም እይ። የ60 ከሆነ ፍሰቱ ወደ 83፣ ግፊቱ ወደ 69 በመቶ ይወርዳል። ሞተሩም በመደበኛው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታና 40 ዲግሪ ድረስ ነው የሚመዘነው፤ ቦይለር ክፍል ደግሞ ይሞቃል። ከፍታውንም የክፍሉን ሙቀትም ለአምራቹ ጽፈህ ላክ።

ፕሮፎርማው ላይ «ፓምፑ የተመረጠው ለ2,350 ሜትር ከፍታ፣ ቢበዛ ለ85 ዲግሪ ውሃ፣ ቢያንስ ለ1.6 ሜትር የታንክ ከፍታ ነው» ብለህ አስፍር። ሽያጭ ክፍሉ ያሳጥረው ቢልህም ይህችን መስመር አታስወጣ፤ የዋስትና ጥያቄ ሲመጣ የምትታየው እሷ ናት።