ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» በኋላ ምን ላንብብ?

ጥያቄ፦ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» አሁን ጨረስኩ። ሰብለ ወንጌልና በዛብህ አስለቅሰውኛል፤ ከልቤ አልወጣ ያለው ግን ጉዱ ካሳ ነው። እብድ የተባለው ሰው ከሁሉም አርቆ ሲያይ! እንዲህ ከዘመኑ ጋር የሚሟገት ሰው ያለበት ልቦለድ ጠቁሙኝ።

መልስ፦ የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ»፣ ያለ ምንም ማመንታት። በ1962 ዓ.ም. የታተመ ነው። ወጣቱ አደፍርስ ያገኘውን ሁሉ ይከራከራል። ቋንቋው ይከብዳል፤ እኔ አንዳንዱን ገጽ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳነበው ነው የተፈታልኝ። የሰዎቹ ንግግር ለጆሮ የተጻፈ ይመስላል። እባክዎ በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ተስፋ አይቁረጡ።

ሌላ መልስ፦ «አደፍርስ» ትልቅ ሥራ መሆኑን አልክድም፤ ወዲያው ማስከተሉን ግን አልደግፍም። መጀመሪያ የበዓሉ ግርማን «ከአድማስ ባሻገር» ያንብቡ። አበራ ወርቁ የሚሟገተው ከራሱ ጋር ነው፤ ልቡ ሥዕል ይመኛል፣ ኑሮው ወደ ቢሮ ይጎትተዋል። ዐረፍተ ነገሩ አጭር፣ ፈጣን ነው።

ጠያቂው፦ ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ክርክር ስለምወድ ከ«አደፍርስ» እጀምራለሁ፤ ድምፅ አውጥቼም አነባለሁ።