ያለ ቅጥር ልምድ የመጀመሪያውን የነርስነት ሥራ ማግኘት፦ በነጻ ላገልግል ወይስ ልጠብቅ?

አዲስ ነርስ ከደሴ፦

ጤና ይስጥልኝ። በ2016 ዓ.ም. በነርሲንግ የመጀመሪያ ዲግሪዬን አግኝቻለሁ፤ የመውጫ ፈተናውንም የጤና ባለሙያዎች የብቃት ምዘናውንም አልፌ የሙያ ፈቃድ አውጥቻለሁ። ፈቃዱን ካወጣሁ ጀምሮ ግን ያለ ሥራ ቤት ስቀመጥ እነሆ ዘጠነኛ ወሬን ይዣለሁ። እሑድና ረቡዕ ሪፖርተር ጋዜጣን እገልጣለሁ፣ የቴሌግራም ቻናሎችን እከታተላለሁ፣ የጤና መምሪያውን የማስታወቂያ ሰሌዳ ጥበቃው «ዛሬም ምንም አልተለጠፈም» እስኪለኝ ድረስ ተመላልሼበታለሁ። «የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት» የሚል ማስታወቂያ አልፎ አልፎ ሲወጣ ለሁለት መደብ ሰልፉ ከግቢው በር ውጭ ይደርሳል፤ የግል ሆስፒታሎቹ ደግሞ ሁለት ዓመት ያላገለገለ አናይም ይላሉ።

ባለፈው ሳምንት አንድ የግል ክሊኒክ ጠርቶ አነጋገረኝ። የቀረበልኝ ሐሳብ ስድስት ወር በነጻ እንድሠራና «ከዚያ በኋላ እንድንተያይ» ነው። ውል የለውም፤ ጊዜያዊ ዲግሪዬንም እነሱ ዘንድ እንዳስቀምጥ ጠይቀውኛል። አባቴ «እጅሽ ከሚረሳ ይሻላል» ይላል፣ እናቴ ደግሞ የታክሲውን ማን ይከፍላል ትላለች። ሙያው ውስጥ ያላችሁ ምን ትመክሩኛላችሁ? በሲቪዬ ላይስ «የሥራ ልምድ» የሚለው ርእስ ሥር ምን ልጻፍ?

ሜትረን፦

እህቴ፣ የነርሶች ኃላፊ ሆኜ የሆስፒታል ነርሶችን በመቅጠር ሥራ ላይ ረጅም ጊዜ ስለ ቆየሁ ጉዳዩን ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ሆኜ ልንገርሽ። ያንን ግብዣ አትቀበዪ። ምክንያቴ ክብርሽ ብቻ አይደለም፤ ስድስቱ ወር አልቆ ስትወጪ በእጅሽ የሚቀር ነገር ስለሌለ ነው። የቅጥር ማስታወቂያዎችን ግርጌ አስተውለሽ ከሆነ፣ ከግል ድርጅት የሚቀርብ የሥራ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ሊኖረው ይገባል የሚል ዐረፍተ ነገር አለ። ደመወዝ ያልተከፈለበት ሥራ ግብር አይቆረጥበትም፤ ግብር ያልተቆረጠበት ልምድ ደግሞ ለመዝገብ ቤቱ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። ስድስት ወር ሙሉ መርፌ ወግተሽ ስታበቂ በወረቀት ላይ ዛሬ ካለሽበት ፈቀቅ አትዪም።

ይልቅ ወደዚያው ክሊኒክ ተመልሰሽ ተደራደሪ። ደመወዙ ትንሽ ይሁን፤ ነገር ግን ፔሮል (የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር) ላይ ስምሽ ይግባ፣ ግብሩም የጡረታ መዋጮውም ይቆረጥ። የግል ድርጅት ሠራተኛ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ የሚያዋጡበት ሥርዓት ስላለ ያ መዝገብ ነገ መሥራትሽን ይመሰክርልሻል። «አናውቅሽም፣ ሥራሽን እንይ» የሚሉ ከሆነም ለዚሁ የተሠራ ሕግ አለ፦ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀናት እንዲሆን ይፈቅዳል፤ የሙከራ ሠራተኛም ደመወዝ ይከፈለዋል። ያው አዋጅ ውሉ በጽሑፍ ባይደረግ እንኳ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመበት መግለጫ ለሠራተኛው እንዲሰጥ፣ ሠራተኛው ሲጠይቅም የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት በነጻ እንዲጽፍለት ያስገድዳል። ዲግሪሽን አሳዪአቸው፣ ኮፒውን ስጪአቸው፣ ዋናውን ይዘሽ ተመለሺ። ወረቀቱን የያዘ ሰው የተሻለ ሥራ ባገኘሽ ቀን በር ላይ ቆሞ ይጠብቅሻል።

ስለ ሲቪው ላነሣሽው ጥያቄ፣ ተለማማጅነትን «የሥራ ልምድ» ብለሽ አትጻፊ፤ ፈታኝ ሲደርስበት ሌላውንም መጠራጠር ይጀምራል። «የክሊኒካል ልምምድ» የሚል የራሱ ርእስ ስጪው። ከአዲስ ተመራቂዎች መቶ ሲቪ ባይ ዘጠናው «በሜዲካል፣ በሰርጂካልና በሕፃናት ክፍል ተለማምጃለሁ» ብሎ ያበቃል። ይህ ለእኔ ምንም አይነግረኝም፤ ሳይለማመድ የሚመረቅ ነርስ የለምና። በየክፍሉ ስንት ሳምንት እንደ ቆየሽ፣ በእጅሽ ምን እንደ ሠራሽ፣ ምኑን በቅርብ ክትትል ምኑን ደግሞ ለብቻሽ እንድትሠሪ እንደ ተፈቀደልሽ ጻፊ። አስተማሪዎችሽ የፈረሙበት ሎግ ቡክ (የልምምድ መዝገብ) ካለሽ ለቃለ መጠይቁ ይዘሽው ነይ። አንዲት ልጅ ጠርዙ በአዮዲን የቆሸሸ ሎግ ቡኳን ይዛ መጥታ ያስገባቻቸውን ካቴተሮች በየቀኑ ቆጥራ ስታሳየኝ፣ ከጎኗ የሁለት ዓመት ልምድ ይዞ የተቀመጠውን ተወዳዳሪ ትቼ እሷን ወስጃለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። የጽሑፍ ፈተና ላይ ብዙዎች የሚወድቁት በሒሳብ ነው። ስለዚህ ይህን ሥሪልኝ፦ የልብ ድካም ላለባቸው የ70 ዓመት እናት 1,000 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን (በደም ሥር የሚሰጥ የጨው ፈሳሽ) በ8 ሰዓት እንዲገባላቸው ታዝዟል፤ ቱቦው በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚጥል ነው። በደቂቃ ስንት ጠብታ ታስኬጃለሽ?

የጤና ጣቢያ ነርስ፦

ከሜትረኗ ምክር ጋር በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ሆኖም ከተማ ውስጥ ተቀምጦ ስለ ክሊኒክ ብቻ ማሰቡ አይታየኝም። እኔ ሥራ ያገኘሁት ጋዜጣ ላይ ባልወጣ፣ ቴሌግራም ላይም ባልተለቀቀ ማስታወቂያ ነው። ከአስፋልቱ ወጥቶ የሦስት ሰዓት መንገድ ባለው ወረዳ፣ በአስተዳደሩ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ለሰባት ቀናት ብቻ ተለጥፎ ነበር። እዚያ የሚያስተምር የአክስቴ ልጅ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ላከልኝ፤ ስደርስ የተመዘገብነው አራት ሰዎች ብቻ ነበርን።

ኑሮውን አላሳምርልሽም። መብራት ይጠፋል፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ወራት ይዘገያል፣ ዝውውር መጠየቅ ራሱን የቻለ ትዕግሥት ይፈልጋል። ይሁን እንጂ የገጠር ጤና ጣቢያ እስከ 25,000 ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ስለሆነ ሥራው ሰውን አይጠብቅም፤ በመጀመሪያው ሳምንቴ ሌሊት ተረኛ ሆኜ አዋላጇ ከወላድ ጋር ሳለች፣ በትኩሳት የሚንቀጠቀጥ ሕፃን ይዘው የመጡትን አባት ብቻዬን ተቀብያለሁ። ትምህርት ቤት ሳለሁ ለአንድ ታካሚ ስድስት ተማሪዎች ተሰልፈን ነበር የምንለማመደው። ስለዚህ በየወረዳው ያሉ ዘመዶችሽንና የክፍል ጓደኞችሽን አስቸግሪ፤ ግድግዳ የሚያነብልሽ ሰው ያስፈልግሻል።

በነጻ አገልግሎት ላይ ግን ትንሽ ልለይ። ትርፍ ለሚያገኝ ክሊኒክ በነጻ መሥራትና በሳምንት አንድ ቀን በቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኝነት ማገልገል አንድ አይደሉም። ሁለተኛው እንደ ቅጥር ልምድ ባይቆጠርልሽም እጅሽን ያፍታታል፤ ሥራ ፍለጋሽንም አያግድም።

የምሽት ተረኛ፦

ያልተነሣ ነገር አለ፤ እሱም ዋስ ነው። እኔ ፈተናውን አልፌ «በሦስት ቀን ውስጥ ዋስ አቅርቢ» ስባል፣ ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዝ መጠኑን የሚገልጽ ደብዳቤ አጽፎ የሚፈርምልኝ ሰው በማጣቴ ቦታው ለተጠባባቂዋ ተሰጠ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ቋሚ ሥራ ያለው አጎት ወይም ጎረቤት ካለሽ ማስታወቂያ እስኪወጣ ሳትጠብቂ ከአሁኑ ለምኚው።

አዲስ ነርስ ከደሴ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወደ ክሊኒኩ ዛሬ ጠዋት ሄጄ ነበር። ስለ ውልና ስለ ግብር ሳነሣ ሥራ አስኪያጁ «ማን አስተማረሽ?» ብሎ ሣቀ፤ ፔሮል ላይ ለማስገባት አስቦበት እንደሚደውል ነግሮኝ ተለያየን። ዲግሪዬን ይዤ ተመልሻለሁ። ለሐይቅና ለወግዲ ለሚኖሩ የክፍል ጓደኞቼም ግድግዳ እንዲያነቡልኝ መልእክት ልኬያለሁ፤ የዋሱን ነገር አጎቴ እሺ ብሎኛል።

ሲስተር፣ ለሰጡኝ ሒሳብ 1,000ን በ20 አባዝቼ ለ480 ደቂቃ ሳካፍለው 42 ጠብታ ገደማ ይመጣል። ነገር ግን እናትየዋ የልብ ድካም ስላለባቸው ያን ያህል ፈሳሽ ከመክፈቴ በፊት እግራቸው ማበጡን አይቼ፣ ሳንባቸውን አዳምጬ፣ ትእዛዙን የጻፈውን ሐኪም ደግሜ እጠይቀዋለሁ።

ሜትረን፦

42ቱን ብዙ ሰው ያገኘዋል። ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር በቃለ መጠይቁ ላይም እንዲሁ አድርገሽ ተናገሪው።