«ኤርዎን»፦ ሐሳቡ ማርኮኝ አተራረኩ ያሰለቸኝ ልብ ወለድ

ጥያቄ፦
እንግሊዛዊው ደራሲ ሳሙኤል በትለር በ1872 እ.ኤ.አ. ስሙን ሳይገልጽ ያሳተመውን «ኤርዎን» ሰሞኑን አንብቤ ጨረስኩ። ተራኪው ተራራውን ተሻግሮ ወደማይታወቀው አገር የሚዘልቅባቸው የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች እጅግ አስደስተውኛል። በዚያ አገር የታመመ ሰው እንደ ወንጀለኛ ይከሰሳል፤ ገንዘብ ያጭበረበረ ግን እንደ በሽተኛ ሐኪም ተጠርቶለት ወዳጅ ዘመድ ይጠይቀዋል። በሳንባ ነቀርሳ የተከሰሰው ወጣት ዕድሜ ልክ ከከባድ የጉልበት ሥራ ጋር የተፈረደበት ችሎት እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። ስለ ማሽኖች ከሚያትቱት ሦስት ምዕራፎች ስደርስ ግን ታሪኩ ቆመብኝ፤ ገጸ ባሕርያቱ ጠፍተው ድርሳን ብቻ ቀረ። የተራኪው ፍቅረኛ አሮሄናም ብትሆን እሱ በፊኛ ሲያመልጥ ብቻውን እንዳይሆን ብቻ የገባች መሰለችኝ። ጉድለቱ የመጽሐፉ ነው ወይስ የእኔ አነባበብ?

መልስ 1፦
አነባበብዎ ትክክል ነው፤ ስፌቱ የሚታየው መጽሐፉ በአንድ ትንፋሽ ስላልተጻፈ ነው። በትለር በኒውዚላንድ ካንተርበሪ በግ በሚያረባበት ዘመን፣ በ1863፣ ማሽኖች እንደ ሕያዋን ፍጥረታት እየተሻሻሉ አንድ ቀን ሰውን ይገዛሉ የሚል ጽሑፍ በክራይስትቸርች ጋዜጣ ላይ አውጥቶ ነበር፤ ኋላ ሐሳቡን አስፍቶ ልብ ወለዱ ውስጥ አስገባው። ተራራና ወንዙን የሚገልጹት ገጾች ነፍስ የዘሩት ደግሞ፣ በእኔ ግምት፣ አገሩን ራሱ ዞሮ ስላየው ነው።

መልስ 2፦
ስለ ስፌቱ እስማማለሁ፤ ስለ አሮሄና ግን አይመስለኝም። ስላቁ የተሰነዘረው በኤርዎን ሰዎች ላይ ብቻ ሳይሆን በተራኪው ላይም ጭምር ነው። መንገድ መሪው የነበረውን የአገሬው ተወላጅ ቾውቦክን ሲያጠምቀው እንኳ የሚያሰላው የራሱን ኃጢአት ማስተሰረያ ነው፤ ሁሉም በአደባባይ የሚያከብራቸውን፣ ገንዘባቸው ግን ገበያ ላይ የማይሠራውን «የሙዚቃ ባንኮች» ሲታዘብ የራሱን ቤተ ክርስቲያን እያየ መሆኑ አይገባውም። በመጨረሻም ኤርዎናውያንን ክርስቲያን እናደርጋለን በሚል ሽፋን ወደ አውስትራሊያዋ ኩዊንስላንድ የሸንኮራ እርሻ ለጉልበት ሥራ እንውሰዳቸው ይላል። እንዲህ ያለ ሰው የሚተርክልን አሮሄና ጥላ ብትሆን ሊያስደንቀን አይገባም።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። የመጨረሻውን ምዕራፍ የደራሲው የራሱ ዕቅድ አድርጌ አንብቤው ስለነበር ተናድጄ ነው መጽሐፉን የዘጋሁት፤ ተመልሼ አነበዋለሁ። የማሽኖቹ ምዕራፎች ግን አሁንም ረዝመውብኛል።