ለጥምቀት የሚደርስ አበባ ከዘር ማብቀል፦ ችግኞቼ ለምን ይወድቃሉ?

ጥያቄ (ከጎንደር፣ የቀሃዋ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ለጥምቀት ብዙ እንግዳ ስለሚመጣብን ግቢያችንን አበባ በአበባ ላደርገው ፈልጌአለሁ። የዚኒያ፣ የኮስሞስና የፔቱኒያ ዘር አለኝ። ክረምት ላይ በሳጥን ዘርቼ ፔቱኒያው ጭራሽ አልበቀለም። ዚኒያው አምሮ በቅሎ ነበር፤ አንድ ቀን ጠዋት ሳየው ግን ግንዱ ከአፈሩ በላይ እንደ ክር ቀጥኖ ሁሉም ተጋድሟል። ምን ነክቶት ነው? አሁን መስከረም እየወጣ ነው፤ መቼ ልዝራ?

መልስ (ከማራኪ)፦
እህቴ፣ የአፈር ፈንገስ ነው። እርጥበት ሲበዛና አየር ሲያጣ ለጋውን ችግኝ ከሥሩ አበስብሶ ይጥለዋል። የወደቀው አይድንም፤ ከነአፈሩ አውጥተሽ ጣይው። ሳጥኑን በሳሙና እጠቢና ፀሐይ ላይ አድርቂው፣ ውሃ እንዲወርድም ታቹን ብሺው።

ዋናው ነገር አፈሩ ነው። ጥቁር አፈር ውሃ ይዞ ይቀራል፣ ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጠቃል፤ ብቻውን ለዘር አይሆንም። እኔ አፈር፣ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስትና አሸዋ እኩል እኩል እቀላቅላለሁ። ትኩስ ፍግ እንዳታስገቢ፣ ያቃጥላል። ውሃ ጠዋት አጠጪ። መጀመሪያ ግን ጣትሽን አፈሩ ውስጥ ክተቺ፤ ከሥር እርጥብ ከሆነ ያን ቀን ተዪው። ዘሩንም አራርቀሽ ዝሪ።

መልስ (ከአዘዞ)፦
ስለ ፔቱኒያው ልንገርሽ። ዘሩ በጣም ደቃቅ ነው፣ ለመብቀልም ብርሃን ይፈልጋል። አፈር አልብሰሽው ከነበረ ያልበቀለው ለዚያ ነው። አፈሩን አስቀድመሽ አርጥቢ፤ ዘሩን ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅለሽ በትኚና በመዳፍሽ ጫን ጫን አድርጊው። ከላይ ውሃ አታፍሺበት፣ ታጥቦ ይሄዳል። ሳጥኑን ውሃ ያለበት ሳፋ ላይ አስቀምጪው፤ ከሥር ይምጠጥ። ለማበብ 3 ወር ገደማ ስለሚፈጅ ሳትውይ ሳታድሪ ዝሪው።

መልስ (ከአራዳ)፦
በሳጥኑ ነገር አልስማማም። ዚኒያና ኮስሞስ ሥራቸው ሲነካካ አይወዱም፤ ፀሐይ የሚውልበት መደብ ላይ በቀጥታ ዝሪያቸው። 1 ሳንቲ ሜትር አፈር ይበቃቸዋል። ዚኒያ ለማበብ ከ60 እስከ 70 ቀን ይፈልጋል። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ስለሚበርድ ትንሽ ሊዘገይ ይችላል፤ ስለዚህ ከጥቅምት 20 አትለፊ። ለጥር 11 በደንብ ይደርስልሻል።

3 ወይም 4 ጥንድ ቅጠል ሲያወጣ ጫፉን ቀንጥቢው። መቀንጠብ ያሳዝናል፣ ግን ከጎን ቅርንጫፍ ያወጣና አበባው ይበዛል። ዚኒያን ሥሩ ላይ አጠጪ፤ ቅጠሉ እየረጠበ ካደረ በሽታ ይበረታበታል። ለኮስሞስ ፍግ አታብዢ፣ ቅጠል ብቻ ይሆንብሻል።

የቀሃዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ! ፔቱኒያውን ነገውኑ እዘራለሁ። መደቡን ግን የጎረቤት ዶሮ ይጭርብኛል፤ ምን ይሻላል?

ከማራኪ፦
የግራር እሾህ መደቡ ላይ ጣል ጣል አድርጊበት። ችግኙ ጠንከር ሲል ታነሺዋለሽ።